ስለ መልካም አጠያየቅ



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ቀን፤ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ታላቅ ነው። ንግግራችን ስለ አጠያየቅ ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሊቅ የሚያደርገው ተለይቶና ተብራርቶ የቀረበ ጥያቄ ነው። አባቶቻችንም በአደባባይ ሲሟገቱ «ተጠየቅ» ይባባሉ የነበረው፤ አጠያየቅ ራሱን የቻለ ዕውቀት መሆኑን ስለ ተረዱ ነው።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ የተከበበችው ጀጎል፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶች እንዳሏት ተጽፎላታል። እንግዲህ አንድ እንግዳ በሸዋ በር ገብቶ «መስጊዱ የት ነው?» ቢል ምን እንመልስለት? ደግ ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው መስጊድ ያመለክተዋል፤ እንግዳውም በጠባቦቹ መንገዶች ሲዞር ይመሽበታል። «የምሄደው ወደ ጀሚዕ መስጊድ ነው፤ በሸዋ በር ገብቼ ፈረስ መጋላ ደርሻለሁ፤ ከዚህ በየት በኩል ልታጠፍ?» ቢል ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ያደርሰዋል።

እኛ ይህን የተማርነው ተቸግረን ነው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ ታመመብንና ወደ ሕክምና ወሰድነው። የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለ ነበር አፍረን፤ «ራሱን ያመዋል፤ ምን ይሻለዋል?» ብቻ አልንና የራስ ምታት ክኒን ይዘን ተመለስን። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ቆላ ወርዶ ሁለት ሳምንት መሰንበቱን፤ ማታ ማታም ብርድ ብርድ እያለው መንቀጥቀጡን አልተናገርንም። በሦስተኛው ቀን እጅግ ሲደክም ተመልሰን ሁሉንም አስረዳን። ወዲያው ደሙ ተመረመረ፤ ወባ ሆኖ ተገኘ፤ በመድኃኒቱም ዳነ። ጥፋቱ የኛ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት የገባን ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጠያቂ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ የምፈልገው ምንድን ነው? የማውቀው ምን ያህል ነው? ምን ሞከርሁ፤ ምንስ ሆነ? የቆምሁትስ የት ላይ ነው? ለመምህር «ሒሳቡ አልገባኝም» ማለት መስጊዱ የት ነው እንደ ማለት ነው። «እስከ ሦስተኛው መስመር ደርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ መደመሩ ለምን መቀነስ ሆነ?» ማለት ግን መልሱን ግማሽ መንገድ ሄዶ መቀበል ነው። በስልክ ለሩቅ ሰው የሚጻፍ ጥያቄማ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ተጠያቂው ፊታችንን አይቶ የጎደለውን ሊሞላልን አይችልምና። መልስ ያገኘም ሰው አመስግኖ ዝም አይበል፤ ውጤቱን ተመልሶ ይንገር፤ ለሚቀጥለው ጠያቂ ይጠቅማልና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ፈተናችን ቀርቧል። በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም ያልነው ገብቶን አልነበረም፤ የጓደኛ ሳቅ ፈርተን ነበር። እናንተ ከኛ በኋላ በዚህ ወንበር የምትቀመጡ ታናናሾቻችን፤ በጠያቂ አትሳቁ፤ የሱ ጥያቄ የናንተም ሊሆን ይችላል።