ምህላና ማዕድ፦ ቤተ እስራኤል በጦርነት ዘመን



እኔ የፀዳ ልጅ ነኝ። ከጎንደር ተነሥቶ የባሕር ዳርን መንገድ የያዘ ሰው አዘዞን ሲያልፍ ፀዳን ያገኛታል። በእናቴ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ ነበር፤ የአባቴንም ማረሻ የሠራው የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሩቅ ሕዝብ ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቼ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ይህ ማኅበረሰብ ጦርነት በመጣበት ጊዜ ሁሉ በምን ጸና? በጸሎትና በመረዳዳት ነው እላለሁ፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም።

ይህን ለማየት በሰግድ በዓል እንጀምር። ስሙ «ሰገደ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በዓሉ «ምህላ» ተብሎም ይጠራል። ከማስተሥረያ ቀን በኋላ በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ይጾማል፤ ነጭ ለብሶ፣ ኦሪትን የያዙ ቄሶችን ተከትሎ ወደ ተራራ ይወጣል። በግእዝ ይጸለያል፤ በመጽሐፈ ነህምያ የሚገኘው የንስሐ ጸሎትም ይነበባል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ከተራራው ወርዶ በአንድነት ማዕድ ይቆርሳል። የፀዳ ጎረቤት የሆነችው አምቦበር ከታወቁት የሰግድ ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። እንደ እኔ ንባብ የበዓሉ ምሥጢር ከተራራው መውጣት ባልተናነሰ በማዕዱ ላይ ነው። ባለጸጋውና ድኻው አብረው ጾመው አብረው ሲበሉ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ጎተራ እንደጎደለ ሳይነገር ይታወቃል።

ይህ ትውውቅ በክፉ ጊዜ ተፈትኗል። በ1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ የከብት እልቂትና «ክፉ ቀን» የተባለው ረኃብም ተከተለ። ቤተ እስራኤልም እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ተራቡ፣ ተሰደዱ፣ ብዙ መንደሮቻቸውም ጠፉ። የተረፉት ግን ሰንበታቸውንና ምህላቸውን ይዘው ቀጠሉ።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከጎንደር ገጠሮች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። እዚያ ማንነትን መግለጽ አደገኛ ነበር። ሆኖም «ኮሚቴ» የተባሉ የማኅበረሰቡ ልጆች ከውጭ የሚላከውን ገንዘብ በስውር ለቤተሰቦች ያከፋፍሉ ነበር። ገንዘቡ ከሩቅ አገር ይምጣ እንጂ፣ ማን እንደሚያስፈልገው ያወቀው ለዘመናት አብሮ የጸለየ ሰው ዓይን ነው።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ክርስትናን ተቀብለው የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ግን ቀሩ። ከእነዚህም በርካቶች ዛሬም ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በምኩራባቸው ዙሪያ፣ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እነዚህ ሰዎች በቅርቡ በሁለት ጦርነቶች መካከል ቆመዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የእስራኤል መንግሥት ከጎንደርና ከባሕር ዳር 204 ሰዎችን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ አወጣ፤ የተመረጡት የእስራኤል ዜግነት ያላቸውና መብታቸው የጸደቀላቸው ነበሩ። ስማቸው በመዝገቡ ያልሠፈረ ተጠባባቂዎች እዚያው ቀሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እስራኤል ውስጥ ጦርነት ፈነዳ። የጎንደር ምእመናንም ለእስራኤል ሊጸልዩ ተሰበሰቡ። ወንድሞቻቸው፣ እኅቶቻቸውና ልጆቻቸው እዚያ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ወታደሮች ናቸው። ራሳቸው የተኩስ ድምፅ እየሰሙ የሰሙትን ሁሉ ረስተው ለሌላው ለመኑ።

እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ ጸሎትን ርዳታ ሲጠፋ የሚቀር ነገር አድርጌ እመለከት ነበር። ይህ አስተሳሰቤ ስሕተት እንደነበር ዛሬ በፊታችሁ አምናለሁ። ከሰሜን አሜሪካ አይሁድ በሚላክ ድጋፍ ጎንደር ውስጥ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ምግብ ይቀርባል። መንገድ ሲዘጋና ባንክ ሲቆም እንዲህ ያለው ድጋፍ ሊዘገይ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚቀረው በየሰንበቱ የሚተያየው ጉባኤ ነው፤ ያለው ለሌለው እፍኝ እህል የሚያካፍለውም እርስ በርስ ስለሚተዋወቅ ነው። መዝገብ ማን እንደሚወጣ ይወስናል፤ ምህላ ግን ወደ ተራራው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ስለ አውሮፕላኖቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቀሩት ሰዎች ማዕድ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ሂዱና ጠይቋቸው። በጦርነቱ ወራት ማን ለማን እህል አበደረ? ማን የማንን ልጅ አስጠለለ? ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውንም ጠይቁ። ምናልባት የምታገኙት መልስ ስለ ቤተ እስራኤል ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ሁላችን ይህን ዘመን በምን እንደምንሻገር የሚነግረን ይሆናል።