ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማሞቂያና ሽቦው

የሜልበርን ብርድ በሚበረታበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ በፉትስክሬይም ሆነ በሰንሻይን የሚኖር ወገናችን፣ በክረምት የሚያሞቀውን በበጋም የሚያቀዝቅዘውን መሣሪያ ገዝቶ፣ ሽቦውን እጁ በሠለጠነ ዘመድ በነጻ ሊያስቀጥል ቢያስብ አይደንቅም፤ ነገር ግን የቪክቶሪያ ሕግ ይህን ተግባር ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከመሣሪያው የውጭ ክፍል ወደ ውስጠኛው የሚዘልቀው ገመድ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች፣ 230 ቮልት የሚሸከሙትን ሽቦዎችና ሁለቱ ክፍሎች የሚነጋገሩበትን የመልእክት ሽቦ ባንድነት ስለሚይዝ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ቢታሰር የመሣሪያው ልብ የሆነው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊቃጠል ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን የመሬት ሽቦው፣ ማለትም አረንጓዴና ቢጫ የሆነው፣ ተዘንግቶ ሲቀር ነው፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ተላልጦ የብረቱን አካል ቢነካ፣ ኃይሉ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አጥቶ የሚነካውን ሰው አድፍጦ ይጠብቃልና። ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ቢሆን ካፓሲተር የተባለው ዕቃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ለጊዜው ይቆያል፤ «አጥፍቼዋለሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ባለሙያው ሥራውን ሲፈጽም የኤሌክትሪክ ደኅንነት ምስክር ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ሳትጠይቁትም ሊያመጣው የሚገባ ቢሆንም፣ ብትጠይቁት ነውር የለበትም። የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚይዘው ቧንቧ ሥራ ደግሞ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ተከራዮች ደግሞ፣ ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተገቡ ውሎች፣ አከራዩ የቤቱን ኤሌክትሪክ በየ2 ዓመቱ የማስመርመር ግዴታ እንዳለበት ዕወቁ።