ጭምብሉ ከፊት አይውረድ

አድማጮቼ፣ ሰሞኑን ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት፣ በስልክም በመልእክትም የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ሆኗል። ወጣቶቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ መኪና ተኮናትረው፣ አዲስ አበባ እንጦጦ ፓርክ ሄደው ፔይንትቦል፣ ያቺን ቀለም በያዙ ትንንሽ ኳሶች የሚታኮሱባትን ጨዋታ፣ ሊጫወቱ ነው። ልጆቹ “ምን ለብሰን እንሂድ?” ይሉኛል። እናቶች ደግሞ “ኧረ ይሄ ነገር ዓይን ያጠፋል አሉ!” ይላሉ። የዛሬው ወግ ከእናቶቹ ይጀምራል። ልጆች፣ ታገሡኝ።

እናቴ፣ እውነት ነው፤ ያጠፋል። የሚያጠፋው ግን የጨዋታውን የፊት ጭምብል ያወለቀውን ልጅ ዓይን ነው። ጭምብሉን አጥብቆ ያሰረው አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚመለሰው ክንዱ ላይ ሰንበር፣ ጭኑ ላይ ብልዝ ነው፤ እሱም ሰንብቶ ይጠፋል። ከዛሬው ወሬዬ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ቅር አይለኝም፤ ይህን ግን ያዙልኝ።

ለምን መሰላችሁ? ኳሷን ስታዩዋት አታስፈራም። ስፋቷ 17 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 3 ግራም አካባቢ ነው። ከመተኮሻው ስትወጣ ግን በሰከንድ እስከ 90 ሜትር ትምዘገዘጋለች፤ በመኪና ፍጥነት ስናስበው በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። የእግር ኳስ ፊታችሁ ላይ ሲያርፍ የቅንድብና የጉንጭ አጥንት ቀድመው ይቀበሉታል፤ ዓይን በመሐል ይተርፋል። ይህቺ ግን ከዓይን ጉድጓድ ታንሳለች። አጥንቱ አያስቆማትም፤ ያላትን ጉልበት ሁሉ ዓይኑ ላይ ታሳርፋለች። የፀሐይ መነጽር፣ የሐኪም መነጽር፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜት፣ እነዚህ ለዚህ አልተሠሩም። ለጨዋታው ተብሎ የተሠራው፣ ዓይንን፣ ጆሮንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው ጭምብል ብቻ ነው የሚያድነው።

“ታዲያ ማን ሞኝ ነው የሚያወልቀው?” ትሉኝ ይሆናል። ሞኝ አይደለም የሚያወልቀው፤ የጨነቀው ነው። እንጦጦ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ብርድ አለ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምትኖሩት። ከቆላ የወጣ ልጅ ሁለት ጊዜ እንደ ሮጠ ያለከልካል፤ ትኩስ ትንፋሹ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ያርፍና ጭምብሉ በእንፋሎት ይሸፈናል። አላይም ይላል። ላቡም ዓይኑ ውስጥ ይገባል። እጁ ወደ አገጩ ይሄዳል፤ ትንሽ ቀና አድርጎ ሊጠርገው። በቃ፣ የምፈራው ይህችን ነው።

የጣርማ በርን ተራራ መንገድ በጉም የሚያልፍ ሾፌር አላይ ሲለው ፍጥነት ይቀንሳል፣ መብራት ያበራል፣ ጥግ ይይዛል። የፊቱን መስታወት አውልቆ አይጥልም። እናንተም እንደዚያው። መስታወቱ ከጨለመ ጎንበስ በሉ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ዳኛውን ጥሩ። ጭምብሉን እንደ አጠለቃችሁ ከሜዳው ውጡ። ሜዳውን የከበበውን መረብ አልፋችሁ፣ ዳኛው “አሁን ይቻላል” ሲላችሁ ያኔ ጥረጉት። “ጨዋታው አልቋል” ብሎ ጓደኛችሁ ቢጮህም አትመኑት፤ ጓደኛችሁ ዳኛ አይደለም። ፎቶ ለመነሣት ብላችሁ ሜዳው ውስጥ ፊታችሁን ብትገልጡማ፣ እኔ ራሴ ነኝ የምቆጣችሁ።

ወደ ልብሱ ልምጣ። እጅጌው ረጅም የሆነ፣ ወፈር ያለ፣ ቢቆሽሽ የማያሳዝናችሁ ልብስ ልበሱ። አንገታችሁን በሻርፕ ጠቅልሉ፤ አንገት ላይ ሲመታ ያማል። ሽርጥ ታጥቆ የሚመጣ ካለ፣ ሽርጡ ለቤት ይቆይልን። ሰንደልም አይሆንም፤ እግርን የሚሸፍን፣ የማያንሸራትት ጫማ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ልጅ “ሬንጀር ብንለብስስ? ቪዲዮው ላይ እንደዚያ ነው” ብሎ ጽፎልኛል። አይሆንም፣ የኔ ልጅ! ከሮቢት ተነሥተህ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ እስክትገባ ስንት ኬላ አለ? በዚህ ጊዜ፣ በዚያ መንገድ፣ ወጣት ልጅ ወታደር የሚያስመስል ልብስ ለብሶ አይጓዝም። ዳግመኛ እንዳልሰማው።

ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የመጣ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ “ኳሷ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አፋችን ቢገባስ?” የሚል። ልባሷ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። ውስጧ ያለው የግድግዳ ቀለም ሳይሆን በውሃ የሚለቅ ማቅለሚያ ነው። የጾሙንና የሐላሉን ፍርድ ለአባቶችና ለሼኾች ልተወው። እኔ የማውቀው ጭምብሉ አፍንም እንደሚሸፍን ነው። ስለዚህ መልሴ ያው ነው፤ አታውርዱት።

አሁን ደግሞ የምወደውን ታሪክ ላጫውታችሁ። ይህ ጨዋታ ሲጀመር የተያዘው መሣሪያ ለጦርነት የተሠራ አልነበረም። የደን ሠራተኞች ዛፍ፣ ከብት አርቢዎች ደግሞ ከብት ምልክት የሚያደርጉበት የቀለም መተኮሻ ነበር። ሰኔ 20 ቀን 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች ያንን መተኮሻ ይዘው ጫካ ገቡ። ጨዋታው ሳይመቱ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ መውጣት ነበር። ከመካከላቸው ልምድ ያላቸው አዳኞች ነበሩ። ያሸነፈው ግን ሪቺ ኋይት የሚባል የደን ባለሙያ ነው። እንዴት መሰላችሁ? አንድም ጊዜ ሳይተኩስ! በዛፍ በዛፉ ተሽሎክልኮ፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲታኮሱ እሱ ባንዲራዎቹን ለቅሞ ወጣ።

ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም። ጀማሪ ሁሉ እንደ ገባ ያንጣጣዋል። ኳሷ ደግሞ በገንዘብ ነው የምትገዛው፤ ያዋጣችሁትን ብር ገና ሳትሞቁ ጨርሳችሁ ዳር መቆም ይመጣል። ቁጭ ብላችሁ አስተውሉ። ማን የት እንደተደበቀ ለጓደኞቻችሁ ተናገሩ። ዝም ብሎ የሚጫወት ቡድን ይሸነፋል።

ከአንዲት እናት የመጣውን ሌላ ጥያቄ ሳላነሣ ብወጣ ግን ደስ አይለኝም። “ልጆቻችን የእውነቱን ተኩስ የሰሙ ናቸው፤ ተኩስን ጨዋታ ማድረግ ምን ይባላል?” ብላኛለች። አልፈርድባትም። በ2013 ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ዛሬ “እንሂድ” የሚሉት ወጣቶች ገና ልጆች ነበሩ። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሸዋ ጉግስ የሚጫወት አገር ነው፤ በፈረስ እየጋለቡ ዱላ መወራወር፣ በጋሻ መመከት፣ ማታ ደግሞ አብሮ መብላት አዲስ ነገር አይደለም። የሚጫወት ልጅ ሁሉ ተዋጊ ይሆናል ብዬ አላምንም። ነገር ግን የመተኮሻው ድምፅ ሲንጣጣ የሚደነግጥ፣ ፊቱ የሚለዋወጥ ልጅ ይኖራል። እሱን “ፈሪ” ብላችሁ እንዳትስቁበት። ጃኬት ይያዝላችሁ፣ ፎቶ ያንሣ፣ ፈረስ ይጋልብ። እንጦጦ ላይ ሌላም መዝናኛ ሞልቷል።

“መተኮሻውን ገዝተን ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ወይም ከከተማው ጀርባ ገደል ለገደል ብንጫወትስ?” ላላችሁት ደግሞ መልሱ አይሆንም ነው። ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው ጨዋታ መሆኑን በምን ያውቃል? ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ መሽሎክሎክ እንኳን አሁን፣ በደኅናውም ጊዜ አይመከርም። ዳኛ፣ መረብና የኳሷን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ያለበት ቦታ ብቻ ተጫወቱ።

ቴክኒሻናችን በመስታወቱ ወዲያ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው፤ የቀረውን ልሩጥበት። ኳሷ ላያችሁ ላይ ከፈነዳች ወጥታችኋል፤ ቀለሙን ጠርጎ “አልነካኝም” ማለት ነውር ነው። ነጥራ ከሄደች ግን ቀጥሉ። በጣም የቀረባችሁን ሰው አትምቱ፤ “እጅ ስጥ” ብላችሁ ልቀቁት። ከሜዳ ስትወጡ የአፈሙዙን ሽፋን አጥልቁ፣ ጣታችሁን ከቃታው አንሡ። ከደብረ ሲና አዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊት ተጉዛችሁ፣ ሳትተኙና ቁርስ ሳትበሉ ሜዳ አትግቡ፤ ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ።

የመጨረሻው ለአስተባባሪዎቹ ነው። ምናልባት ዓይኑን የተመታ ሰው ካለ፣ አይሸው፣ ማንም አይጫነው፣ ጠብታም አታድርጉለት። ዓይኑን እንዳይነካ አድርጋችሁ በፕላስቲክ ኩባያ ከልሉትና ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። ሕመሙ ቢተወውም፣ “ደኅና ነኝ፣ ልጫወት” ቢልም ውሰዱት፤ ዓይን ውስጥ የደማ ነገር ከውጭ ላይታይ ይችላል። ዜናው ደርሷል።