ለትምህርት ከቤት ስለሚርቁ ሴቶች ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ክርስቲያኖች ሆይ! ዛሬ የምንናገረው ከላስታ ደጋ ተነሥተው ወደ ወልድያ፥ ወደ ደሴ፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ለከፍተኛ ትምህርት ስለሚሄዱ ሴቶች ልጆቻችን ነው። ነገሩ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ የወላጆቻቸውም፥ የእኛም የካህናቱ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ ነው?» የሚል አባት ዛሬም አልጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ወደ ላሊበላ ሲሳለም ዓይኑን ከፍቶ ይመልከት። ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት እንዳሳነጸችው አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል። በጎጃምም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፥ ዓይናቸው ሳያይ፥ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ተማሪዎች አስተምረዋል። እንግዲህ ጥበብን ለወንድ ብቻ የሰጠ አምላክ የለም። ሕፃኒቱን ከትምህርት ገበታ አንሥቶ ለባል መስጠትም፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ያደረገ ስለ ሆነ፥ ሕግን መተላለፍ ነው፤ በልጅቱም ላይ ግፍ መሥራት ነው።

እኛ በልጅነታችን ቅኔ ለመማር ወደ ዋድላ በሄድን ጊዜ ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን ነበር። ስለ እመቤታችን ስም ብለን በየደጁ ስንቆም ውሻው ይነክሰን ነበር፤ እናቶች ግን ቁራሹን አይነሡንም ነበር። ሰው ሁሉ «ተማሪ ነው» ይለናል እንጂ የቁራሹን ዋጋ የጠየቀን አልነበረም። ረኀብ ግን ምን እንደሚያሳስብ በዚያን ጊዜ ዐውቀናል። ዛሬ ወደ ኮሌጅ የምትሄደው ልጃችን ማደሪያና ማዕድ ብታገኝ እንኳ ሳሙና፥ የንጽሕና መጠበቂያ፥ ደብተርና የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስፈልጋታል። አኩፋዳ ይዛ በየደጁ ለመቆም አትችልም። ታዲያ የእርሷን አኩፋዳ የሚሞላው ማን ነው?

እኛ ባገለገልንበት በአንድ አጥቢያ የሆነውን እንንገራችሁ። አንዲት ልጅ ፈተናዋን አልፋ አገር ሁሉ ደስ አለው። እኛም በመስቀል ባረክናት፤ «ነጠላሽን አትጣይ፥ ጾምሽን አትፍቺ» ብለን መከርናት። ምክሩ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በዚያው አበቃ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፥ ኋላም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ላስታ በደረሰው ጦርነት ምክንያት እንግዳ ከላሊበላ በመቅረቱ፥ በቅሎ እያከራየ ያስተምራት የነበረው አባቷ እጁ አጥሮ ነበር። በከተማው አንድ ባለ ገንዘብ ሰው አስቀድሞ የስልክ ካርድ ሰጣት፤ ቀጥሎ ምሳ ጋበዛት፤ ቀጥሎ ጫማ ገዛላት፤ በመጨረሻም ዋጋውን ጠየቃት። በሁለተኛው ዓመት ፀንሳ ተመለሰች፤ ሰውየውም ስልኩን ዘጋባት።

ጎረቤት እናቲቱን ሰላም ማለት ተወ። እኛም፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፥ ባየናት ጊዜ መንገድ እንለውጥ ነበር። አንድ ቀን ግን በደጀ ሰላም ቆማ በሁላችን ፊት እንዲህ አለች፦ «አባቶቼ፥ ስሄድ ስለ ልብሴ መከራችሁኝ፤ ስለ ረኀቤ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።» መልስ አልነበረንም። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች፤ እናቲቱ ግን ትምህርቷን እስከ ዛሬ አልጨረሰችም። ያን ቃሏን ስላልረሳነው ነው ይህን የምንናገረው።

ልጆቻችን ሆይ! እንግዲህ ጥቂት ምክር ስሙን። ለእናታችሁ ልትነግሩት የማትደፍሩትን ስጦታ አትቀበሉ። ስጦታ ሲሰጥ ነፃ፥ ሲቆይ ዕዳ የሚሆንበት ጊዜ አለና፥ ገና ትንሽ ሳለ መልሱት። ሥዕላችሁንም በስልክ ለማንም አትላኩ፤ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። የባልንጀራችሁን ልብስና ጫማ አይታችሁ አትዘኑ፤ የደከመ ልብስ የለበሰችውንም አትናቁ። ልብስ ንጹሕና ጨዋ ከሆነ ይበቃል።

ባልንጀራንም ምረጡ። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ነሐሴ 16 ቀን የላስታ ልጃገረዶች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። አሸንድዬውን በወገባቸው አስረው፥ ተውበው፥ እየዘፈኑ ይሄዳሉ። ውበታቸውን አልደበቁም፤ ደስታቸውም ነውር አይደለም። ነገር ግን አንዲቱ ብቻዋን አትቀርም፤ የደከመችውን ይጠብቋታል፤ ሲመሽም አብረው ይመለሳሉ። በኮሌጅም እንዲሁ ሁኑ። አብራችሁ ውጡ፥ አብራችሁ ግቡ። በመኝታ ክፍላችሁ ያለችው በሃይማኖት ብትለያችሁ እንኳ እንደ እኅት ተከባበሩ፤ የታመመች ዕለት ውኃ የምታቀብላችሁ እርሷ ናትና።

ወጣት ወንድ ቢወድዳችሁ፥ እናንተም ብትወዱት፥ መውደድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በቀን ብርሃን ከእናንተ ጋር ለመታየት፥ ወደ ወላጆቻችሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለመምጣት የሚያፍር ከሆነ፥ ፍቅሩ ገና አልበሰለም። በምትማሩበት ከተማም የነፍስ አባት ያዙ፤ ከግቢ ጉባኤ አትራቁ። በጾም ወራት ሕመም ወይም ድካም ቢገጥማችሁ በራሳችሁ ከመወሰን የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ።

አንድ ብርቱ ነገር ደግሞ አለ። በግድ የተደፈረች፥ ወይም ማርክ በሚሰጥ ሰው የተገደደች ልጅ ብትኖር፥ ኃጢአቱ የእርሷ አይደለም፤ የግፈኛው ነው። ፈጥና ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ለምታምነው ሰው ትንገር፤ ለሕግም ታመልክት። «ዝም በይ፥ ስምሽ ይጠፋል» የሚላት ሰው ከግፈኛው ጋር ተባባሪ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወላጆችና ወደ እኛ ወደ ካህናት እንመለስ። በየአጥቢያችን ሰንበቴ አለ፤ በየወሩ ማኅበር አለ። ለጠላና ለዳቦ ከምናወጣው ላይ ጥቂት ቀንሰን ለተማሪዎቻችን መሳፈሪያና ሳሙና ብናደርገው ቅዱሳኑ አያዝኑብንም፤ ይልቁንም ዝክራቸው ይሰፋል። ልጅቱንም ስንሸኛት «ተጠንቀቂ» ከማለት ጋር «ምን ጎደለሽ?» እንበላት። በየወሩ ደውለን እንጠይቃት። ይህን ሳናደርግ ብትወድቅ፥ በፍርድ ቀን እርሷ ብቻ አትጠየቅም።

የወደቀችውም ብትመለስ፥ ጌታችን በምሳሌ ያስተማረንን አባት እናስብ። ልጁ ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ፤ ሂሳብ ከመጠየቁ በፊት አቀፈው። እኛ ግን መንገድ ለወጥን። ዳግመኛ እንዲህ አናድርግ። ያቺም ልጅ ትምህርቷን ትጨርስ ዘንድ የምንችለውን ሁሉ ማድረግ ዕዳችን ነው።

አምላከ ላሊበላ፥ አምላከ መስቀል ክብራ፥ በሩቅ አገር ያሉትን ሴቶች ልጆቻችንን ከክፉ ሰውና ከክፉ ምክር ይጠብቅልን፤ አኩፋዳቸውን የሚሞላ የተከፈተ እጅ፥ ሲመለሱም የሚቀበል የተከፈተ ደጅ ለእኛ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።