ሚዛኑንስ ማን ይመዝነዋል?

(የመክፈቻ ሙዚቃ)

ቤት ውስጥ 22 ኪሎ ተኩል የነበረው ሻንጣ ኤርፖርት ሲደርስ 24 ይሆናል። ከዚያ ወለል ላይ ይከፈትና በርበሬው፣ ሽሮው በሰው ፊት ይወጣል። የተሳሳተው የትኛው ሚዛን ነው?

በኤርፖርቱ ሚዛን ሥር ጠንካራ ብረት አለ። ሻንጣው ሲጫነው ዓይን በማያየው መጠን ይጎብጣል፤ በላዩ የተለጠፉት ቀጫጭን ሽቦዎችም አብረውት ስለሚሳቡ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው ይለወጣል። በቁጥር የምናነበው ይህንኑ ለውጥ ነው። ሚዛኑ ከአገልግሎት ብዛት፣ ሻንጣ ሲወረወርበትም፣ ልኩን ሊስት ይችላል። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ የየስቴቱ ወይም የየአካባቢው የሚዛን ተቆጣጣሪዎች ክብደታቸው የተረጋገጠ ብረቶችን ጭነው የሚፈትሹት። ፈተናውን ላለፈው ምልክት ይለጥፉለታል።

የቤታችንን ሚዛን ግን ማንም አይፈትሽልንም። እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው እሱን ነው፤ በተለይ በእጅ የሚንጠለጠለውን፣ እጃችን በተንቀጠቀጠ ቁጥር ንባቡ ስለሚዋልል። መፈተኛው ቀላል ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ከ20 ኪሎ በጥቂቱ በልጦ ካልታየ ሚዛኑን አትመኑት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የሻንጣ ክብደት ገደብ አንዳንዴ በፓውንድ፣ አንዳንዴ በኪሎ ይነገራል፤ 50 ፓውንድ ግን 23 ኪሎ አይሞላም፣ 22.7 ገደማ ነው። ትኬታችሁ በየትኛው እንደሚቆጥር እዩ።

ተራችሁ ሲደርስ ሻንጣውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ከተጠራጠራችሁ በሌላ ሚዛን እንዲመዘንላችሁ በትሕትና ጠይቁ።