ስላረጀ ሞተርና ስለ ማጠቢያው ፈሳሽ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአንዱ የቀረበ ንግግር)



እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በዕፅዋት ሳይንስ እንጂ በመኪና ሙያ አይደለም። ይሁን እንጂ አዘጋጅ ኮሚቴው «የፒክአፑን ነገር አንተው ተናገረው» ስላለኝ ቀርቤአለሁ። ነገሩን ብዙዎቻችሁ በጨረፍታ ሰምታችኋል። ሾፌራችን አበላሸው ሲባልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር የበቆሎ ምርጥ ዘር ለማምጣት ከሾፌራችን ጋር አዲስ አበባ ገባን። ፒክአፑ የናፍጣ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሏል። ያደርነው ካዛንቺስ ነበር። (የሰፈሩ ስም ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። አብዛኛው ክፍል በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስለፈረሰ ያደርንበትን ቤት ዛሬ ብትፈልጉት አታገኙትም።) ጠዋት ከአንድ መለዋወጫ መሸጫ አንድ ቆርቆሮ የሞተር ማጠቢያ ገዛን። ሻጩ «ውስጡ ያለውን ቆሻሻ ጠራርጎ ያወጣላችኋል» አለን። ሾፌራችን ቆርቆሮውን አቀበለኝና «አንተ ልጅ፣ ኮሌጅ የበጠስክ ነህና እንግሊዝኛውን አንብብልኝ» አለኝ። የፊቱን አነበብኩ፤ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ሞተር ያጸዳል ይላል። የጀርባው ጽሑፍ ደቃቅ ነበር፤ ቸኩለናል። «ጋሼ፣ ጨምረውና እየነዳን ይሥራ» አልኩት።

መስቀል ፍላወርን አልፈን ጎተራ ሳንደርስ የዘይት መብራት በራ። ጋሼ ልቁም አለ። እኔ ቢሮ ሳይዘጋብን እንድረስ አልኩ። ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ እንደ መዶሻ መምታት ጀመረ። እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ጋራዥ ተጎትቶ ገባ። መካኒኩ ኮፓውን ሲያወርድ የዘይት ፓምፑ ወንፊት ያረረ ሽሮ በመሰለ ጥቁር ነገር ተደፍኗል፤ ብሮንዚኑም ተበልቷል። ዘሩ በሁለት ሳምንት ዘገየ። ዝናቡ የቀደማቸው አባላት ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፣ አሁንም እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ መካኒኮችን እየጠየቅሁ የተረዳሁት ይህን ነው። የሞተር ማጠቢያ ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ በዘመናት የተጋገረውን ጥቀርሻ ያላቅቃል፣ ዘይቱንም ያቀጥነዋል። ስለዚህ ሊቀየር በተዘጋጀ አሮጌ ዘይት ላይ ይጨመራል፤ ሞተሩ ሞቆ በቆመበት በሚኒሞ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በትኩሱ ይደፋል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። አይነዳበትም። ይህ ሁሉ ቆርቆሮው ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። በየቀበሌው እየዞርኩ «የፀረ ተባይ ዕቃ ላይ ያለውን ሳታነቡ አትርጩ» የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ!

ለብዙ ዓመት በአግባቡ ዘይት ሳይቀየርለት የኖረ ሞተር ግን መመሪያው ቢጠበቅም ያሰጋል፤ የተላቀቀው ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ወንፊቱ ላይ ይከመራልና። ለእንዲህ ያለው ሞተር የሚሻለው ደረጃውን የጠበቀ ዘይት ማድረግና ለጊዜው ከወትሮው ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። ደህና ዘይት ራሱ የማጽጃ ንጥረ ነገር አለው፤ ቀስ እያለ ያጥባል። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ጥላሸቱን ይዞልን ነው። ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ዘይት ውስጥ ጨምሮ ማጠብ የሚባለውን ልማድ ግን ብንተወው ይሻላል፤ ዘይቱን አቅጥኖ ብረት ከብረት ያፋጫል።

ማጽጃ ቆሻሻን ሲያላቅቅ ሌላ ቦታ እንደሚደፍን አዲስ አበባ ቀደም ብላ አይታዋለች። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚመረተው ኢታኖል በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር እየተደባለቀ ለከተማዋ ይቀርብ ነበር። ኢታኖል ያጥባል፣ ውሃም ይስባል። ካዛንቺስ ላዳ ታክሲ የሚነዳ አጎት ነበረኝ። ያኔ ልጅ ሆኜ ክረምቱን እሱ ዘንድ ሳሳልፍ ካርቡራተሩን ፈቶ ሲነፋ፣ ፊልትሮ ሲቀይር አየው ነበር። ነዳጁን ይረግም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ዝገቱና ዝቃጩ የገዛ ታንከሩ ውስጥ የኖረ ሳይሆን አይቀርም።

ነዳጅ ውስጥ የሚጨመረውም እንደዚሁ ልክ አለው። ኖዝል ላይ የተያዘ ጥቀርሻን ሊያጸዳ ይችላል። የተበላ ፋሻ ግን አይተካም። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ከታንከር የሚጨመር ምንም ነገር አያድነውም። ጥቁር ጭስ ከሆነ አስቀድሞ የአየር ፊልትሮው ይታይ፣ ቀጥሎ ኖዝሉ ይፈተሽ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። በአየር ፊልትሮው ላይ አቧራ ሲደረብበት ያረጀ ሞተር ቢያጨስ አይገርምም።

ይህን ያነሳሁት የግዥ ኮሚቴው ለመኪኖቻችን በካርቶን ማጠቢያ እንዲገዛ ሐሳብ ስለቀረበ ነው። መኪኖቹን እንንከባከብ የሚለው ትክክል ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዷል፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወስኗል፤ ስለዚህ ያለንን ይዘን መቆየታችን ነው። ነገር ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ለዘይትና ለፊልትሮ ይዋል፤ በየመኪናው ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር የሚጻፍበት ደብተር ይኑር፤ ማጠቢያ የሚገዛውም መካኒክ ሞተሩን አይቶ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን። የሚደፋው አሮጌ ዘይትም በበርሜል ይጠራቀም እንጂ ወንዝ ዳር አይፍሰስ።

ያን የተደፈነ ወንፊት በጨርቅ ጠቅልዬ አምጥቼዋለሁ። ከምሳ በኋላ ጋሼ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ይዞት ይቆያል፤ ሾፌሮችና የግዥ ኮሚቴ አባላት እንድታዩት በትሕትና እጠይቃለሁ።