ድቀቱ በስንት ዓመታችሁ አገኛችሁ?

ልጆቻችን እንዲከተሉን ብዬ ዓመታቱንና ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ይህች የምንኖርባት ላስ ቬጋስ በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቃ ተነሥታለች። የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ድቀት በዲሴምበር 2007 ጀምሮ በጁን 2009 አበቃ ይባላል። አበቃ የሚሉት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናቸው፤ እዚህ ከተማ የቤት ዋጋ መውረዱን ያቆመው በ2012 ነው። ሁለተኛው በማርች 2020 ከኮሮና ጋር የመጣው ነው። ሁለቱንም አብዛኞቻችን ኖረንባቸዋል። እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ድቀት ሰውን የሚጎዳው እንደ ዕድሜው ነው። ይህን ልብ ስለማንል በአንድ ጣሪያ ሥር ያለን ሰዎች አንዳችን ለሌላው የምንሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ለራሳችን ዕድሜ የሚስማማውን ነው፤ በፍቅር የተሰጠ ምክርም ይጎዳል።

ከቤት ልጀምር። ከ2004 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ካሲኖ ውስጥ የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ የሌሊት ሺፍት የሚገቡ ወገኖቻችን ቤት ገዙ። ቤት አይከስርም የሚለውን እምነት ይዘን የመጣነው ከአገር ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የብር ዋጋ ሲወርድ የቤት ዋጋ ይወጣል፤ ስለዚህ ገንዘብ የቋጠረ ሰው ግንብ ይሠራል። እዚያ ትክክል ነው። እዚህ ግን ቤቱ የተገዛው በብድር ሲሆን ብድሩም ብዙውን ጊዜ ለሁለት ለሦስት ዓመት ወለዱ ዝቅ ብሎ ከዚያ የሚዘል ነበር። ከ2006 እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ የከተማዋ የቤት ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ ወረደ። በ300 ሺህ ዶላር የተገዛ ቤት 115 ሺህ ገደማ ሲያወጣ ዕዳው ግን ባለበት ቆመ። በ2010 የኔቫዳ ሥራ አጥነት ከ13 በመቶ አልፎ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የከፋ ሆነ።

በዚያ ጊዜ ቤቱን ባንክ የወሰደበት የ32 ዓመት ሰው ክሬዲቱ ለሰባት ዓመት ተበላሽቶ ቆየ። ሰባቱ ዓመት ሲያልፍ ገና 40 አልሞላውም፤ እንደገና የ30 ዓመት ሞርጌጅ መግባት ይችላል። ያው ነገር በ58 ዓመታቸው የደረሰባቸው አባት ግን ሰባቱ ዓመት ሲያልቅ 65 ናቸው። ለቅድሚያ ክፍያ ያወጡትን ገንዘብ እንደገና ለማጠራቀም የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል? በአንጻሩ በ2010 በዲቪ መጥተው፣ ዕዳ የሌለባቸው፣ በ2012 ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ያንኑ ቤት ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ገዙ። እኛ ዘንድ ትውልድ የሚቆጠረው በልደት ዘመን ብቻ አይደለም፤ እዚህ አገር በገቡበት ዓመትም ይቆጠራል። በ45 ዓመቱ በ2008 የደረሰ መምህር ከኮሌጅ ትናንት ከወጣ ልጅ ጋር በአንድ የሥራ ማመልከቻ ወረፋ ቆሟል።

ሕፃናቱስ? በ2010 ክረምት አንድ አባት ከባንክ የመጣ ደብዳቤ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ልጃቸው አብሯቸው ነበር፤ 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ደብዳቤውን መጀመሪያ ያነበበው እሱ ነው። አባትየው «ምን ይላል?» ሲሉት «ባንኩ ሊያነጋግራችሁ ይፈልጋል» ብሏቸው ኖሯል። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳይ ልጁ ጣቱን የሐራጁ ቀን ላይ አሳረፈና በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ «አባቴ እንዳያዝን ነው ያልነገርኩት» አለኝ። ሐራጁ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ያ ልጅ ያን ቀን ብቻውን ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ሰንብቷል። እባካችሁ ልጆቻችሁን የባንክ አስተርጓሚ አታድርጓቸው። ጎረቤት ጥሩ፣ የማኅበራችንን ቢሮ ጥሩ፣ ባንኩንም አስተርጓሚ አቅርብልኝ በሉ።

ግሌን ኤልደር የሚባል የሶሲዮሎጂ ሊቅ በ1930ዎቹ ታላቅ ድቀት ካሊፎርኒያ ውስጥ ያደጉ ልጆችን ሕይወት ተከታትሎ በ1974 መጽሐፍ አሳትሟል። በ1920 እና 1921 የተወለዱት፣ ማለትም ድቀቱ በጉርምስናቸው ዋዜማ ያገኛቸው፣ ቤት ውስጥ ሥራ ተሰጥቷቸው፣ ውጭም ሠርተው ቤተሰብ ደጉመው አብዛኞቹ ጠንክረው ወጡ። ኋላ ላይ ከእነሱ በስምንት ዓመት ከሚያንሱት ጋር ሲያነጻጽራቸው ግን ጉዳቱ ጠልቆ የተገኘው በታናናሾቹ፣ በተለይ በወንዶቹ ላይ ነበር። ለትልቁ ልጅ የኑሮውን ሐቅ ነግራችሁ የሚችለውን ድርሻ ስትሰጡት ይበረታል። ለትንሹ የሚያስፈልገው ግን አባቱ ሲቆጣ ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ ማወቁ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ከኮሌጅ ወደሚወጡት። ፊሊፕ ኦሪዮፖሎስ፣ ቲል ፎን ቫክተርና አንድሩ ሃይስ በካናዳ ተመራቂዎች ላይ ያደረጉትና በ2012 የታተመ ጥናት አለ። በድቀት ዓመት የተመረቀ ልጅ በደህና ዓመት ከተመረቀው በግምት 9 በመቶ ባነሰ ገቢ ይጀምራል፤ ልዩነቱም ተሟጦ የሚጠፋው በአሥር ዓመት ገደማ ነው። አሥር ዓመት! ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በዚያ ዓመት ጥሩ የሚከፍሉት ድርጅቶች በራቸውን ስለዘጉ ትንሽ በሚከፍለው ይገባል። ጥናቱ ያሳየው ሌላም ነገር አለ። ቶሎ ያገገሙት ኢኮኖሚው ሲከፈት ሥራ የቀየሩት፣ ከደካማው ድርጅት ወደተሻለው የተሻገሩት ናቸው።

እኛ ወላጆችስ ምን እንላቸዋለን? «ያገኘኸውን ሥራ አጥብቀህ ያዝ፤ ሥራ ያለው ሰው አይንቀዥቀዥም።» ምክሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የስደተኛ ካምፕ ያደረ፣ ደርግን ያየ፣ በጁላይ 1975 የቤተሰቡ ትርፍ ቤት ሲወረስ የተመለከተ ሰው የያዘውን አይለቅም። ለ57 ዓመት ሰውም ትክክለኛ ምክር ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሥራ የለቀቀ ሌላ እስኪያገኝ ከወጣቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ለ24 ዓመቱ ልጅ ግን ያው ምክር የዝቅተኛ ደመወዙን ዕድሜ ያራዝማል። ልጃችሁ በሦስት ዓመት ሁለት ሥራ ቀየረ ብላችሁ አትዘኑበት።

በ2020 ደግሞ ሌላ ነገር አየን። ካሲኖዎቹ ማርች 18 ተዘግተው እስከ ጁን 4 ቆዩ፤ 78 ቀን። በኤፕሪል የኔቫዳ ሥራ አጥነት ከ25 በመቶ በላይ ወጣ። ሲከፈት ዩኒየን ባለባቸው ቦታዎች በተለምዶ አስቀድሞ የሚጠራው በሥራው ብዙ ዓመት የቆየው ነው። እናት ተመለሰች፣ ልጇ ቤት ቀረ። እሷ ደግሞ ዕድሜዋና ስኳሯ ለበሽታው አጋልጠዋት እያለ ተራዬ እንዳያልፍ ብላ ገባች። እሱ በሥራ አጥነቱ ሲያፍር እሷ በፍርሃቷ ስትጨነቅ፣ ስለዚህ ነገር ሳይነጋገሩ ያለፉ ቤቶችን አውቃለሁ። ሁለቱም ለአዲስ አበባ «ደህና ነን» ብለው እንደ ወትሮው ገንዘብ ይልኩ ነበር።

ከወጣቶቹ ወደ ወላጆች የሚሄደውም ምክር መፈተሽ አለበት። «አባዬ፣ 401ኬህን፣ የጡረታ ቁጠባህን፣ እንዳትነካ፣ ገበያው ይመለሳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይመለሳል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የአክሲዮን መለኪያ ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 በ57 በመቶ ወድቆ ወደ ቀድሞው ከፍታው የተመለሰው በማርች 2013 ነው። የ30 ዓመት ሰው ይጠብቃል፣ እንዲያውም በርካሽ ይገዛል። በ2009 63 ዓመት የሞላቸውና ከሥራ የተቀነሱ አባት ግን በዚያ መካከል ምን ይብሉ? ለዚህ ነው ጡረታ የቀረበው ሰው ገንዘቡን ሁሉ አክሲዮን ላይ ማኖር የሌለበት። ይህ ደግሞ የሚስተካከለው ገበያው ደህና ሳለ ነው።

ሥራ ያጡ ትልልቆች ብዙዎቹ የሮጡት ወደ መንግሥት ጡረታው፣ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። በ62 ዓመት መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን በ1960 እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው በ62 ከጀመረ በ67 ከሚያገኘው 30 በመቶ ይቀነስበታል፣ ቅናሹም ዕድሜ ልክ ነው። እዚህ ላይ ልጆች ሊረዱ ይችላሉ። ቤተሰቡ ለሁለት ዓመት የአባትን የቤት ወጪ ቢሸፍን እሳቸው ጥያቄያቸውን ወደ 64 መግፋት ይችላሉ፤ ትርፉ በየወሩ፣ እስከ መጨረሻው ይታያል። ይህ ስሌት ግን አባት «ደህና ነኝ» እያሉ፣ ልጅም ዕዳውን ደብቆ አይሠራም።

ሳልጨርስ የታክሲና የኡበር ሾፌሮችን አንድ ነገር አደራ ልበል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፣ በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም። በ2025 አንዱ ነጥብ 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። በግላችሁ የምትሠሩ ከሆነ የሚቆጠረው ወጪያችሁ ተቀንሶ የቀረው የተጣራ ገቢ ነው። ታክስ ለመቀነስ ነዳጁንም ጥገናውንም ስልኩንም አስመዝግባችሁ ትርፋችሁን ወደ ምንም ያወረዳችሁበት ዓመት ከነጥቡም ወድቆ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያና አሜሪካ በዚህ ረገድ ስምምነት ስለሌላቸው አገር ቤት የሠራችሁባቸው ዓመታት አይደመሩም። 61 ዓመት የሆነው ሰው ስድስት ነጥብ እንደጎደለው ዛሬ ቢያውቅ አንድ ዓመት ተኩል ሠርቶ ይሞላዋል፤ በ70 ዓመቱ ቢያውቅ ይከብደዋል።

ከሻይ በኋላ እኔና ሁለት ወጣቶቻችን ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንታችሁን አብረን ከፍተን ነጥባችሁን እንቆጥራለን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እንዲያስተረጉሙ ሳይሆን አብረው እንዲያዩት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከእናቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል።